ጠባሳ የሌለው ክንድ

ከእንጦጦ ተራራ ሥር ባለ አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር አንድ የእድር ጸሐፊ ነበር። መዋጮ ይሰበስባል፣ ቀብር ላይ ስም ጠርቶ የመጣውን ከቀረው ይለያል፣ የድንኳኑና የአግዳሚ ወንበሩ ቁልፍም በእሱ እጅ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን የሰው የሕይወት ታሪክ በመጻፍ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር በቀብሩ ላይ የሚነበበውን ወረቀት የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

ጽሕፈቱ ያማረ፣ እጁም ፈጣን ነበር። ለቅሶ ቤት ይገባል፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጥና ከቤተሰቡ አንዱን ያስጠራል። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ አገር፣ ትዳር፣ የልጆች ብዛት፣ ሥራ። ስድስት መስመር። መጨረሻው ላይ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለውን ያክልና ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጨርሶ ይነሣል። ሰውም ያመሰግነዋል፤ በጻፈው ላይ ስሕተት ተገኝቶ አያውቅማ። ሰማንያ ዓመት የኖረውም፣ በአርባው የተቀጨውም፣ ሁሉም በስድስት መስመር ተሸኘ።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው «የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ዛሬ 9 ሰዓት ነው» እያለ በየቅያሱ አለፈ።

ሰፈርተኛው እኚህን ሽማግሌ «አባባ ዘበኛው» ይላቸው ነበር። ዝምተኛ ነበሩ። ሰው የሚያነሣባቸው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሴት ወልዳ ልጇ ክርስትና ከተነሣ በኋላ አንድ ቀን ከደጇ ይቆማሉ። አይበሉም፣ አይጠጡም። «ልጁን አሳዩኝ» ይላሉ። ጎንበስ ብለው የሕፃኑን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ትክ ብለው ያያሉ። ከዚያም «ንጹሕ ነው፣ ተመስገን» ብለው፣ መርቀው ይሄዳሉ። አንዳንዱ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱ ግን ዓይናቸውን ፈራ። ዳገቱ ጫፍ ላይ የምትኖር አንዲት እናት የበኩር ልጇን በነጠላ ሸፍና «ተኝቷል» ብላ ከደጅ መልሳቸዋለች። እሳቸውም አልተቀየሙም። «ይተኛ፣ ይተኛ» ብለው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ጸሐፊው ለቅሶ ቤት የደረሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሟቹ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። ጠራት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቡ ተቀመጠች። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ አገር።

«ሥራቸው?»

«ዘበኛ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዘበኛ ናቸው።»

ጻፈ። ስድስቱ መስመር ሞላ። የትውልድ ዘመናቸውን ከመታወቂያቸው ላመሳክር ቢላት ከአልጋቸው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ አመጣች። ውስጧ የቀበሌ መታወቂያ፣ የእድር ደብተር፣ የውኃ ደረሰኝ አለ። ከሁሉ ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ጨርቁ ሲፈታ አንድ የብረት መርፌ ወጣ፤ ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፣ ጫፉ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። ከመርፌው ጋር ዳር ዳሩ የተበላ የፎቶ ካርድ አለ። ካርዱ ላይ አንድ ሕፃን ይታያል። ፊቱም፣ ክንዱም፣ እግሩም ውኃ በቋጠረ ቁስል ተሸፍኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ይህችን ሣጥን አስነክተውን አያውቁም።»

የእድሩ ዳኛ በበሩ ብቅ አሉ። «አለቀ?»

«አልቋል፤» አለ ጸሐፊው። እውነቱን ነው፤ ወረቀቱ አልቋል፣ ማኅተሙም አርፏል። ብዕሩን ከደነ። ወዲያው ደግሞ ከፈተው፤ የሚጽፈው ግን አልነበረውም። ካርዱን እንደገና አየ። ከዚያ ልጅቱን አስፈቅዶ መርፌውንና ካርዱን ያዘና ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉ ዳኛው።

«እመለሳለሁ።»

«ድንኳኑስ? ወንበሩስ?»

ቁልፉን አውጥቶ ሰጣቸው። ጸሐፊው ቀብር ሳይፈጸም ከለቅሶ ቤት ሲወጣ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደ። ወጣቷ ነርስ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። «ኩፍኝ አይደለም፤ ጉድፍም አይደለም፤» አለች። «ስማር አንድ ገጽ ላይ ያየሁት ይመስለኛል፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም።» መርፌውንም አገላብጣ አየችና መለሰችለት። ልብስ ሰፊው «ክር የሚገባበት ቀዳዳ የለውም» አለው። ጫማ ሰፊው «የእኔ ወስፌ ጫፉ አንድ ነው» አለው። ለእያንዳንዱ ሰው ካርዱን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «ይህን የሚያውቅ አለ?» እያለ፣ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች ዞረ።

5 ሰዓት ሲሆን ጉሊት ደረሰ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ፊታቸው ከግንባር እስከ አንገት በጠባሳ የተጎደጎደ ነው። ስለዚህ ነጠላቸውን ሁልጊዜ እስከ ዓይናቸው ድረስ ይስባሉ።

«እማማ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው እየፈለግሁ ነው።»

አሮጊቷ ካርዱን ተቀብለው አራቁት፤ ከዚያ አቀረቡት። ብዙ ዝም አሉ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከአባባ ዘበኛው ሣጥን።»

«ፈንጣጣ ነው፤ ልጄ። እኔ ነኝ እኮ ይህች።» በመዳፋቸው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «አምስት ዓመቴ ነበር። ከወንድሜና ከእኅቴ ጋር ሦስት ሆነን ተኛን፤ እኔ ብቻዬን ተነሣሁ። ሰውየው ሽንኩርት ሊገዙ በመጡ ቁጥር ፊቴን አይተው ዝቅ ብለው እጅ ይነሡኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ሞቱ።» ካርዱን መለሱለት። «ወንዙን ተሻገር። ጡረታ የወጡ ድሬሰር አሉ፤ በዚያን ዘመን በየአገሩ የዞሩ ናቸው። እሳቸውን ጠይቅ።»

ጸሐፊው ወንዙን ተሻገረ። ሽማግሌው ድሬሰር በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ምንም ሳይናገር መርፌውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ድሬሰሩ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስመጡ። መርፌውን በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ ጫፉን ውኃው ውስጥ ነከሩት፣ ቀስ አድርገው አነሡት። በሁለቱ ጫፎች መካከል አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቀረች። አትወድቅም።

«ይኸውልህ፤» አሉ። «ለአንድ ሰው የምትበቃ ክትባት ይህችው ናት። ክንዱ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ነው። ከዚያ መርፌውን ቀቅለህ ለሌላው ታዘጋጀዋለህ።»

«አባባ ዘበኛው ይህን ምን ያደርጉበት ነበር?»

ድሬሰሩ ስሙን ሲሰሙ መርፌውን አስቀመጡ። «ሞተ?»

«ዛሬ ይቀበራሉ።»

ጥቂት ቆዩና እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

«ዘመቻው የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ የፈንጣጣ ሕሙማን ተመዘገቡ። መንገድ የለም፣ ስልክ የለም። የገበያ ቀን ጠብቀን ካርዱን ከፍ አድርገን እንይዛለን። ‹ይህን የመሰለ ሕመምተኛ ያየ አለ?› እንላለን። ወሬ ካገኘን ወሬውን ተከትለን አንድ ቀንም ሁለት ቀንም በእግራችን እንሄዳለን። ሕመምተኛውን ስናገኝ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ እንከትባለን። በሽታው የሚተላለፍበት ሰው ሲያጣ እዚያው ያልቃል።»

ጸሐፊው ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የዞረውን ካርድ አየ።

«ሰው እሺ ይል ነበር?»

«የት! ቀድሞ የነበረው ፈንጣጣ ቤት ይዘጋ ነበር፤ በእኛ ጊዜ የቀረው ግን ቀለል ያለው ነው፣ ብዙ አይገድልም። ስለዚህ ሰው ከበሽታው ይልቅ መርፌውን ፈራ። በየአገሩ ደግሞ ከታመመው ቁስል ወስደው ጤነኛውን የሚከትቡ የራሳቸው አዋቂዎች ነበሩ፤ እኛ እንጀራቸውን ልንወስድባቸው የመጣን መሰላቸው። ውሻ የለቀቁብን አሉ። ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከኦስትሪያም የመጡ ወጣቶች አብረውን ነበሩ፤ እነሱም እንደኛው ቁንጫውንም ዝናቡንም ቀምሰዋል። የዓለሙን ዘመቻ የመሩት ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰንም ሆኑ እዚህ አገር የሠሩት የብራዚሉ ዶክተር ሲሮ ዴ ኳድሮስ ስማቸው በመጽሐፍ ሰፍሯል፤ ይገባቸዋልም። ያ ሁሉ መንገድ የተሄደው ግን በእንዲህ ያለ ሰው እግር ነው።»

«እሳቸውን ያስታውሷቸዋል?»

«በዓባይ በረሃ አብረን ነበርን። አንድ መንደር አትገቡም አለን። እኛ ተመለስን፤ እሱ አልተመለሰም። ከመንደሩ ውጭ ዛፍ ሥር ሦስት ሌሊት አደረ። በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ወጣች። ‹በመጀመሪያ ራስህን ውጋ› አለችው። እጅጌውን ሰብስቦ ፊቷ ራሱን ወጋ። ከዚያ ልጇን ሰጠችው። ሳይመሽ መንደሩ በሙሉ ተሰለፈ።»

«እንዲህ ያለ ሰው ታዲያ እንዴት ዘበኛ ሆኖ ቀረ?»

ድሬሰሩ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፉት።

«በሽታው አለቀ። የመጨረሻዋ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች፤ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጣጣ አልታየም። በሽታው ሲያልቅ ሥራውም አለቀ። እኔ ሆስፒታል ገባሁ፤ እሱ የሚቀጥረው አጣ። የያዘው ሙያ ከእንግዲህ ለማንም አያስፈልግማ።»

«ለልጃቸው እንኳ አልነገሯትም።»

«ምን ብሎ ይንገራት? ‹ፈንጣጣን ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ቢላት ‹ፈንጣጣ ምንድን ነው?› ብላ ትጠይቀዋለች።»

8 ሰዓት አልፎ ነበር። ጸሐፊው የታተመውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጀርባውን ገለበጠና እዚያው በረንዳ ላይ ይጽፍ ጀመር። ሳይጨርስ ተነሣ፤ የቀረውን ሲሄድ እየቆመ ጻፈው። ድሬሰሩም ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉት።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ እነሱኑ ይጠብቃል። የእድሩ ዳኛ ሰዓታቸውን ያያሉ። ጸሐፊው ማይክሮፎኑን ተቀበለና በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ የተጻፉትን ስድስት መስመሮች አነበበ። ሰው እንደ ወትሮው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። አንዳንዱም የሚቀጥለውን አውቆ ለመሄድ ነጠላውን አስተካከለ። ጸሐፊው ግን ወረቀቱን ገለበጠው። በጀርባው ያለው ጽሕፈት የተንጋደደ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ነበር።

የገበያውን፣ የካርዱን፣ የበረሃውን፣ የዛፉን ነገር አነበበ። ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈ።

«ዕድሜያችሁ ከሃምሳ በላይ የሆናችሁ፣» አለ፣ «እባካችሁ እጅጌያችሁን ሰብስቡ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እንዲህ ያለ ነገር በቀብር ላይ ታዞ አያውቅም። የእድሩ ዳኛ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቢሆንም ኮታቸውን አወለቁ፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ትከሻቸው ሰበሰቡት። ክንዳቸው ላይ ክብ፣ ሰርጎድ ያለ፣ ዳሩ የተሸበሸበ አሮጌ ጠባሳ አለ። ልጅ ሆነው ያገኙት ነው፤ ከየት እንደመጣ አስበውት አያውቁም። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ገለጡ፤ እሳቸውም ዘንድ አለ። ከዚያ ሌላው ቀጠለ፣ ከዚያ ሴቶቹ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የደብሩ መሪጌታ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ሁሉም ክንዳቸውን ይዘው ቆሙ።

«የነካችሁ የእሳቸው እጅ ይሁን የሌላ ሰው፣ አላውቅም፤» አለ ጸሐፊው። «ግን እሳቸውን የመሰለ ሰው ነው።»

የጉሊቷ አሮጊት ከኋላ ነበሩ። ክንዳቸውን አላሳዩም። ከዓይናቸው የማይወርደውን ነጠላ ወደ ትከሻቸው መለሱት፤ ፊታቸው ፀሐይ ላይ ወጣ።

«ለእኔ አልደረሱልኝም፤» አሉ። «ለእናንተ ግን ደርሰዋል።»

ማታ ድንኳኑ ሞላ። ለወትሮው ንፍሮ ቀምሶ የሚሄደው ሰው አልሄደም፤ ድሬሰሩን ከቦ ይጠይቃል። በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው ሰው አንድ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ እንደነበረ ነገሯቸው። በሽታው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 300 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ የሚገመት መሆኑን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ግን ከምድር ላይ መጥፋቱ መታወጁን ነገሯቸው።

ንፍሮ የሚያዞር አንድ ወጣት ሳህኑን ይዞ ቆሞ ይሰማ ነበር። እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ለድሬሰሩ አሳያቸው።

«እኔም አለኝ።»

ድሬሰሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይህች ትንሿ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ናት። የእኛዋ አይደለችም።»

ወጣቱ እጅጌውን መለሰ። ትንሽ አፈረ። «እንግዲያው ለእኔ የሠሩልኝ ነገር የለም ማለት ነው።»

«ና ወዲህ፤ ተቀመጥ። ፈንጣጣ የያዘው ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከእኩዮችህ መካከል ፊቱ የተጎደጎደ አለ? ዓይኑ የጠፋ?»

«በዚህ ምክንያት? የለም።»

«ልጅ ስትወልድስ ለዚህ በሽታ ይከተቡልሃል?»

ነርሷም እዚያው ነበረች። «ክትባቱ ከቀረ ቆየ፤» አለች። «አያስፈልግም።»

«ሰማህ?» አሉ ድሬሰሩ። «ለእኚያ እማማ ሳይደርስላቸው ቀረ። እኛ ላይ ምልክቱን ትቶ አለፈ። አንተን ግን ምልክቱም እንኳ እንዳያስፈልግህ አደረገ። ከዚህ ድንኳን ውስጥ አብልጦ የሠራው ላንተ ነው።»

ወጣቱ ምንም ያልታየበትን ክንዱን ያዘ።

ከድንኳኑ ጀርባ ዕቃ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ገባች። የወጣቱ እናት ናት፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ የምትኖረዋ።

«ይህ ልጅ ሲወለድ መጥተው ነበር፤» አለች። «ፊቱን ሊያዩ። ዓይናቸውን ፈርቼ ሸፈንሁት።»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉ እናቶች ተያዩ። «ንጹሕ ነው፣ ተመስገን» የተባለውን የማያስታውስ አልነበረም።

የሟቹ ልጅ ቀና አለች። «ሕፃን አይተው የመጡ ቀን ደስ ብሏቸው ያድሩ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።»

ሴትዮዋ ልጇን በክንዱ ይዛ የሟቹ ፎቶግራፍ ወደተቀመጠበት ወሰደችው። ከብርዱ የተነሣ የተከናነበውን ጋቢ በገዛ እጇ ከራሱ ላይ ገፈፈችው።

«ይዩት፣ አባባ፤» አለች። «ንጹሕ ነው።»

በወሩ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲሰበሰብ ጸሐፊው አንድ ሐሳብ አቀረበ። የሕይወት ታሪኩ ወረቀት ላይ ሰባተኛ መስመር ይጨመር፤ መልሱም ከቤተሰቡ ሳይሆን ከውጭ ሰው ይጠየቅ አለ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «እርሳቸው ባይኖሩ ምን ይደርስብን ነበር?»

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ያልደረሰ ነገር እንዴት ተደርጎ ይጻፋል?»

«ዘበኛውን የቀበርናቸው በምን ነበር?» አሉ የእድሩ ዳኛ፣ ክንዳቸውን እያሻሹ። ሐሳቡ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ለቅሶ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰፈሩን ይዞራል። ሥራው ከበደው፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ ረከቦቱ ተነሥቶም አይጨርስም። አንድ የቀን ሠራተኛ ሞቱ፤ ክዳኑ በጠፋው ጉድጓድ ላይ በየምሽቱ ጣውላ ሲያደርጉበት የኖሩት እሳቸው መሆናቸው የታወቀው ማግስቱን አንድ ልጅ ሊገባበት ለጥቂት ሲተርፍ ነው። አንዲት ጠላ ሻጭ ሞቱ፤ ሳይፋቱ የቀሩ ባልና ሚስቶች ተነሥተው መሰከሩላቸው። አንዲት የልምድ አዋላጅ ሞቱ፤ ሲያምጡ ወደ ሐኪም ቤት በጊዜ ያደረሷቸው እናቶች ከነልጆቻቸው መጥተው ቆሙ። ሰባተኛው መስመር በአንድ መስመር አላልቅ አለ።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጸሐፊው ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ቦይ ወጣ። በየዓመቱ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የታችኛውን ሰፈር አጥለቅልቆ ያውቃል፤ የእነሱን ግን ነክቶት አያውቅም። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ቦዩ ዳር አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በዶማ ደለል ይዝቃሉ። ከጎናቸው ከቦዩ ያወጡት ድንጋይ ተከምሯል።

ጸሐፊው ሰላምታ ሰጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ደብተሩን አወጣ።

አሮጊቷ ዶማቸውን አቁመው ደብተሩን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ። የማን ደብተር እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሞቼአለሁ እንዴ?»

«አልሞቱም፣ እማማ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ደብተርህን አስቀምጥ፤» አሉት። «ያንን ትልቁን ድንጋይ ለብቻዬ አልቻልሁትም፤ ና አብረን እናንሣው።»

ጸሐፊው ደብተሩን ኪሱ ከተተ። እጅጌውን ሰበሰበና ቦዩ ውስጥ ገባ።